ዳኛው መቼ ይውረድ? የአሜሪካ ፌዴራል ዳኞች የሥራ ዘመን አማራጮች ሲነጻጸሩ

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚያጠና ሰው በቃሉ ከሚይዛቸው ጥያቄዎች ሁለቱ ተከታትለው የሚመጡ ናቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች እስከ መቼ ያገለግላሉ? ዕድሜ ልካቸውን። ለምን? ከፖለቲካ ነጻ እንዲሆኑ። ተፈታኙ ይመልሳል፣ ያልፋል፣ ቃለ መሐላ ይፈጽማል፣ ትንሿን ባንዲራ ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ድምፅ ለመስጠት ሲዘጋጅ ግን በሩ ላይ የተተወ የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ‹‹ለዳኞችም የሥራ ዘመን ገደብ ይበጅላቸው›› ይለዋል። ትናንት አጥንቶ ያለፈበት መልስ ዛሬ መከራከሪያ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰው ነው። ‹‹የዘመን ገደብ›› የሚባለው ነገር አንድ አማራጭ አይደለም፤ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ውጤታቸው ግን እጅግ የሚራራቅ በርካታ አማራጮች ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ዳኛ?

አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ‹‹ዳኛ ፊት ቀረብኩ›› ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው። ይህ ዳኛ ግን ዕድሜ ልክ አልተሾመም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ተቀጣሪ ነው፤ ሹመቱም ስንብቱም በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ እጅ ነው። በ2025 ብዙ የኢሚግሬሽን ዳኞች ከሥራቸው ተሰናብተዋል። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው በዚያው ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የይግባኝ ቦርድ ይሄዳል፤ እዚያም ካልቀናው ወደ ፌዴራል የይግባኝ ፍርድ ቤት ያመራል። ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሚኒስትር ከወንበሩ ሊያነሣው በማይችል ዳኛ እጅ የሚገባው ያኔ ነው። ዋስትና ያለው ዳኛና ዋስትና የሌለው ዳኛ ምን እንደሚለያቸው ከመጽሐፍ መማር ለማያስፈልገው አንባቢ ይህን ማስታወስ ይበቃል።

በሁለቱ መካከል የቆሙም አሉ። የኪሳራ ጉዳይ የሚያዩ ዳኞች ለ14 ዓመት፣ የአውራጃ ፍርድ ቤት ረዳት ዳኞች ለ8 ዓመት ይሾማሉ። ስለዚህ ‹‹የፌዴራል ዳኛ የዘመን ገደብ ኖሮበት አያውቅም›› የሚል ሰው ሲያጋጥም ማረም ይገባል።

ክርክሩ ያለው በሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ አንቀጽ በሚሾሙት ላይ ነው። ወንበሮቻቸው ወደ 870 ይጠጋሉ፦ ዘጠኝ በጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ 179 በይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ክርክር መጀመሪያ በሚሰማባቸው የአውራጃ ፍርድ ቤቶች። ከእነዚህ ውስጥ የበታቾቹን ጉዳይ ቶሎ መዝጋት ይቻላል። አንድ የበታች ፍርድ ቤት ዳኛ 65 ዓመት ሞልቶት 15 ዓመት ካገለገለ ሙሉ ደመወዙን ይዞ ወደ ቀለል ያለ የሥራ ጫና መዛወር ይችላል። መዝገብ መመርመሩን አይተውም፤ ወንበሩ ግን ለአዲስ ተሿሚ ይለቀቃል። ብዙዎች ይጠቀሙበታል። አልፎ አልፎ አልዛወርም የሚል አይጠፋም፦ የፈጠራ መብት ጉዳዮችን በሚያየው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1984 የተሾሙትና በ1927 የተወለዱት ዳኛ ፖሊን ኒውማን በ2023 በባልደረቦቻቸው ውሳኔ አዲስ መዝገብ እንዳይሰጣቸው ታግደው፣ እሳቸውም ብቃቴ አልተጓደለም ብለው ከሰዋል። ቢሆንም ከመቶዎች አንድ ነው። ዋናው ጣጣ ያለው ዘጠኙ ወንበሮች ላይ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ንጽጽርም በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው።

ባለበት ይቀጥል የሚሉት

በአማርኛ ‹‹ዕድሜ ልክ›› ሲባል ቀድሞ ጆሮ የሚደርሰው እስራት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን ‹‹ዕድሜ ልክ›› የሚል ቃል የለውም። የሚለው ዳኞች መልካም ጠባይ እስካሳዩ ድረስ በሥራቸው ይቆያሉ ነው። ትርጉሙ በተግባር፣ በተወካዮች ምክር ቤት ተከስሰው በሴኔቱ ጥፋተኛ ካልተባሉ በቀር የሚያነሣቸው የለም ማለት ነው። ከ1789 ወዲህ የተከሰሱት ዳኞች 15፣ ጥፋተኛ ተብለው የተነሡት ስምንት ብቻ ናቸው። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከሰሱት ሳሙኤል ቼዝ ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በ1805 ነጻ ወጥተዋል።

የዚህ አሠራር ጠበቃ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆኑት አሌክሳንደር ሐሚልተን ነበሩ። ፍርድ ቤት ጦርም ገንዘብም የለውም፤ ያለው ፍርዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዳኛው ለተወሰነ ጊዜ የሚሾም ከሆነ ዓይኑ ዳግም ወደሚሾመው ሰው ያያል የሚል ነው የመከራከሪያቸው አንኳር። እኛ ‹‹ሹም ሽር›› የሚለውን ቃል የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም። በበቅሎው በፍርድ መሄድ ሳይሆን በጭብጦው ያለ ፍርድ መሄድ የሚያዝነው ባላገር የሐሚልተን ወገን ነው።

ታዲያ ምን ተበላሸ? ዕድሜ ረዘመ፣ ሥልጣንም ገዘፈ። ከ1970 በፊት ከጠቅላይ ፍርድ ቤት የወረዱ ዳኞች በአማካይ የቆዩት 15 ዓመት ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የወረዱት ግን ከ25 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ክላረንስ ቶማስ በ1991 በ43 ዓመታቸው ገቡ። ኤሚ ኮኒ ባሬት በ2020 ሲሾሙ 48 ነበሩ። ለፕሬዚዳንቱ ልምድ ካለው የ62 ዓመት ዳኛ ይልቅ ለ40 ዓመት የሚቀመጥ ወጣት የሚያዋጣበት ገበያ ተፈጥሯል።

ከቆይታው ርዝመት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመውጫው ቀን ነው። ጂሚ ካርተር አራት ዓመት ሙሉ ገዝተው አንድም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳይሾሙ ወረዱ። ዶናልድ ትራምፕ በመጀመሪያው የአራት ዓመት ዘመናቸው ሦስት ሾሙ። ይህን ልዩነት ያመጣው መራጭ አይደለም፤ ሞትና የጡረታ ስሌት ናቸው። አንቶኒን ስካሊያ በየካቲት 2016 ድንገት ሲሞቱ የሴኔቱ አብላጫ የፕሬዚዳንት ኦባማን እጩ ሜሪክ ጋርላንድን 293 ቀን ሳይሰማቸው አቆይቶ ወንበሩን ለቀጣዩ ፕሬዚዳንት አስተላለፈ። ሩት ባደር ጊንስበርግ በ2013 እና በ2014 ይልቀቁ ሲባሉ እምቢ ብለው በመስከረም 2020 በ87 ዓመታቸው አረፉ፤ ተተኪያቸው ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ጸደቁ። ስቲቨን ብሬየር በበኩላቸው ከዚያ ተምረው ነው መሰል፣ የፓርቲው ነፋስ ሳይዞር በ2022 በ83 ዓመታቸው ለቀቁ። ከፖለቲካ ነጻ እንዲሆን የተሾመ ዳኛ ከሥራ የሚወጣበትን ቀን በፖለቲካ ነፋስ ሲመርጥ፣ የዜግነት ፈተናው ሁለተኛ መልስ መሸርሸር ይጀምራል።

የመድከምም ጉዳይ አለ። ዊልያም ዳግላስ በ1974 የመጨረሻ ቀን ስትሮክ መትቷቸው በከፊል ሽባ ከሆኑ በኋላ ከአሥር ወር በላይ ወንበሩን አልለቅም ብለው፣ ባልደረቦቻቸው የእሳቸው ድምፅ ወሳኝ የሚሆንባቸውን መዝገቦች በስምምነት ሲያዘገዩ ነበር። ከዚያ በፊት በ1890ዎቹ ስቲቨን ፊልድ አእምሯቸው ሲደክም ባልደረቦቻቸው ዳኛ ሐርላንን እንደ ሽማግሌ ላኩባቸው። ሐርላን በዘዴ ይሻላል ብለው፣ ድሮ ፊልድ ራሳቸው ሌላ ያረጁ ዳኛ ልቀቅ እንዲባሉ ከተላኩት መካከል እንደነበሩ አስታወሷቸው። ፊልድም እንደ መባነን ብለው ‹‹ከዚያን ቀን የባሰ ቆሻሻ ሥራ ሠርቼ አላውቅም!›› አሉ ይባላል። ሽምግልናው እዚያ ላይ አበቃ። በ1863 የተቀመጡበትን ወንበር የለቀቁት በ1897 ነው።

የዕድሜ ጣሪያ

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነው መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ በሕግ ከተወሰነው የጡረታ ዕድሜ በፊት ያለ ፈቃዱ እንደማይነሣ፣ የጡረታ ዕድሜውም ሲደርስ እንደማይራዘምለት ይደነግጋል፤ የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የችሎታ ማነስና ሕመም ከዚህ ውጭ ናቸው። ብሪታንያና ካናዳ 75፣ አውስትራሊያ፣ ጃፓንና እስራኤል 70፣ ሕንድ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቷ 65 ዓመትን ጣሪያ አድርገዋል። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶችም ማሳቹሴትስና ኒው ሃምፕሸር በ70 ያሰናብታሉ። ለከፍተኛው ፍርድ ቤቷ ዘመንም ዕድሜም ሳትወስን የቀረች ብቸኛ ክፍለ ግዛት ሮድ አይላንድ ናት። እንግዲህ ፌዴራሉ መንግሥት በገዛ አገሩ ውስጥም ብቻውን የቀረ ያህል ነው።

ጣሪያው ግልጽ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም፣ ሽማግሌም አያስልክም። ግን ሁለት ጉድለት አለበት።

አንደኛው፣ የወጣት ሹመት ገበያውን አይዘጋም። ጣሪያው 70 ከሆነ በ43 የሚሾም ሰው 27 ዓመት ይቀመጣል፤ በ60 የሚሾም አሥር ብቻ። ፕሬዚዳንቱ ማንን እንደሚመርጥ ለመገመት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም። ጣሪያው ገና ጎልማሳ የሆኑ አእምሮዎችንም ያስወጣል። ኒው ዮርክ ዳኞቿን በ60 ዓመት ጡረታ ታስወጣ በነበረበት ጊዜ ታላቁ ዳኛ ጄምስ ኬንት በ1823 ወደ ቤታቸው ተላኩ፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጠበቆች ለትውልዶች የተማሩበትን ባለ አራት ጥራዝ የሕግ ሥራ ጻፉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ70 ይውጡ ቢባል ኖሮ በ1911 ይሸኙ ነበር፤ ስለ ንግግር ነጻነት የጻፉት ዝነኛ የልዩነት ሐሳብ የመጣው በ1919 ነው። በእርግጥ እኚሁ ሆምስ በ1932 በ90 ዓመታቸው የለቀቁት በባልደረቦቻቸው ጉትጎታ ነው፤ ምሳሌው ሁለት አፍ አለው።

ሁለተኛው ጉድለት የከፋ ነው። የዕድሜ ቁጥር ለሥልጣን በጣም የሚመች መቆጣጠሪያ ነው፤ አንድ ቁጥር ሲቀየር የዳኞች ረድፍ ይወድቃል። ሀንጋሪ የዳኞችን የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 ስታወርድ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 ሕግ ጥሳለች አላት። ፖላንድም በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞቿን ዕድሜ ወደ 65 አውርዳ በ2019 ተመሳሳይ ፍርድ ተፈረደባት። አሜሪካም ብትሆን ከዚህ ፈተና ሩቅ አልነበረችም፦ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1937 ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዳኛ አንድ ተጨማሪ ዳኛ፣ እስከ ስድስት ድረስ፣ ልሹም ብለው ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ሽማግሌዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል የሚል ነበር። ያመነላቸው አልነበረም። ስለዚህ ጣሪያው ቢመረጥ እንኳ ቁጥሩ ራሱ ሕገ መንግሥት ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ለተራ ሕግ የሚተው ቁጥር አይደለም።

ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ለ18 ዓመት

አሁን በብዛት የሚነሣው ሐሳብ ይህ ነው። ፕሬዚዳንት ባይደን በሐምሌ 2024 የደገፉትም ይህንኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዘጠኝ ወንበር፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ሹመት፣ ዘጠኝ ሲባዛ በሁለት 18። እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት በአራት ዓመቱ ሁለት ይሾማል። ካርተርም ሁለት፣ ትራምፕም ሁለት። ዳኛው ዳግም አይሾምም፤ ስለዚህ የሐሚልተን ስጋት፣ ማለትም ወደ ሿሚው ማየት፣ ቦታ የለውም።

በሌላ አገር የተሞከረ መንገድ ነው። የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት 16 ዳኞች ለ12 ዓመት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይመረጣሉ፤ 68 ዓመት ከሞላቸውም ይወርዳሉ። የጣሊያን 15ቱ ለዘጠኝ ዓመት ናቸው። የፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ዘጠኙ ሹማምንት በየሦስት ዓመቱ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀየራሉ። ደቡብ አፍሪካ 12 ዓመትን መርጣለች። ከእነዚህ ሁሉ አሠራሩ የሚማርከኝ የጀርመኑ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነገሮች ታክለውበታል። ለመመረጥ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፓርቲዎች ሳይወዱ በግድ ይነጋገራሉ። ተተኪ እስኪመረጥ ድረስም ነባሩ ዳኛ ይቆያል፤ ወንበሩ ባዶ አይሆንም። በሐምሌ 2025 ለዳኞች ምርጫ የተቀጠረው ድምፅ በፓርቲዎች አለመግባባት በዕለቱ ሲሰረዝ ፍርድ ቤቱ ሥራውን ያልተወው በዚህ ነው።

የአሜሪካው ዕቅድ የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። በየሁለት ዓመቱ ወንበር ይለቀቃል ማለት በየሁለት ዓመቱ ይሞላል ማለት አይደለም። ሴኔቱ በሌላ ፓርቲ እጅ ከሆነ እጩውን እንደ ጋርላንድ ማስቀመጥ ይችላል፤ ያኔ ድሮ በሞት ይመጣ የነበረው ትርምስ በቀጠሮ ይመጣል። ሴኔቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ ድምፅ ካልሰጠ ምን እንደሚሆን የማይናገር የ18 ዓመት ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ፍርድ ቤቱ ምርጫን ተከትሎ ይወዛወዛል የሚል ነው። አንድ ፓርቲ ሦስት ተከታታይ ምርጫ ቢያሸንፍ ከዘጠኙ ስድስቱን ይሾማል። እውነት ነው፤ ግን ከ1981 እስከ 1993 በነበሩት 12 ዓመታት ሬገንና ትልቁ ቡሽ አሁን ባለው ሥርዓትም አምስት አዳዲስ ዳኞች ሾመዋል። ልዩነቱ የምናስበውን ያህል ሰፊ አይደለም።

ዳኛው ከወረደ በኋላስ? ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚለው ብሂል የተነገረው ለዳኛ ባይሆንም ለዳኛም ይሠራል። በ48 የተሾመ ሰው በ66 ይወርዳል፤ ገና ጉልበት አለው፣ ትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶችም ይጠብቁታል። የመጨረሻ ዓመታቱን ፍርድ ቀጣዩን ደመወዝ እያሰበ እንዳይጽፍ ደመወዙ ዕድሜ ልክ እንዲቀጥል፣ ከጥብቅናና ከምርጫ ውድድር ግን እንዲታቀብ ማድረግ ያሻል። ገንዘቡ ለዘጠኝ ሰዎች ነው፤ አያስከፋም።

መንገዱን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነው፤ ይህ በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ክፍለ ግዛቶች ይሁንታ ይጠይቃል። ዛሬ ባለው መከፋፈል ሩቅ ነው። ሁለተኛው ኮንግረስ በተራ ሕግ ‹‹ዳኝነቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ ወንበሩ ግን ይቀየራል›› እንዲል ነው፤ 18 ዓመት የሞላው ዳኛ ወደ በታች ፍርድ ቤት ይዛወራል። ሳንድራ ዴይ ኦኮነርና ዴቪድ ሱተር ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ከለቀቁ በኋላ በፈቃዳቸው በይግባኝ ችሎቶች ተቀምጠው ፈርደዋል፤ ስለዚህ ዝውውሩ እንግዳ አይደለም። ሲገደዱስ? ያ ሕግ ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በመጨረሻ የሚወስኑት እነዚያው ዘጠኝ ዳኞች መሆናቸው ግን የሚያስቅም የሚያስጨንቅም ነው።

የሚታደስ ዘመንና የሕዝብ ምርጫ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በአዮዋ ሦስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በፈቀደው የ2009 ውሳኔ ምክንያት በ2010 በሕዝብ ድምፅ ወርደዋል። ውሳኔውን ወደድነውም ጠላነውም፣ ቀጣዩ ዳኛ ፍርድ ከመጻፉ በፊት የድምፅ መስጫ ሣጥኑን ያያል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የስድስት ዓመት የሚታደስ ዘመን ነበረው፤ በ2010 ትቶት ወደ ዘጠኝ ዓመት የማይታደስ ዘመን ተሻገረ። ‹‹ዘመን ይገደብ›› የሚል ወረቀት ‹‹ሊታደስም ይችላል›› የሚል መስመር ካለው፣ የሚያቀርበው ነገር ዛሬ ካለው የባሰ ነው።

እኔ ብመርጥ

ዋናው ጭንቀትህ ያረጀና የደከመ ዳኛ ከሆነ፣ በ75 የቆመና በሕገ መንግሥት የታሰረ የዕድሜ ጣሪያ ይበቃሃል፤ ለበታች ፍርድ ቤቶችም የሚያስፈልገው ቢበዛ ይኸው ነው። ጭንቀትህ ዳኛው ሥልጣን ያለውን ሰው እንዳይፈራ ብቻ ከሆነ፣ ያለው ሥርዓት ከነጉድለቱ ይሻልሃል፤ የኢሚግሬሽን ዳኞችን ያየ ሰው በዚህ ቢጸና አልፈርድበትም። እኔ የምጨነቀው ግን ሹመቱ የሞት ዕጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለዘጠኙ ወንበሮች የ18 ዓመት አንድ ዘመን እመርጣለሁ፣ የጀርመኑ ‹‹ተተኪ እስኪመጣ ይቆይ›› ተጨምሮበት።

አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ውስጥ ይህ ክርክር ያን ያህል የማይሞቀው ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የዳኞች ስላልሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ አምስት ዳኞች የሕዝብ ተወካዮች ያወጡትን ሕግ መሻር ይችላሉ። የወንበሩ ዋጋ የተወደደው ለዚህ ነው።

በርህን ላንኳኳው የምርጫ ቀስቃሽ እንግዲህ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርብለት። ዘመኑ ይታደሳል ወይስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው? አሁን ወንበር ላይ ያሉትን ይነካል ወይስ ከሚቀጥለው ተሿሚ ይጀምራል? የሚነካ ከሆነ ማን ቀድሞ ይወርዳል? ከሚቀጥለው የሚጀምር ከሆነ በ2020 በ48 ዓመታቸው የገቡት ዳኛ እስኪለቁ ስንት ዓመት እንጠብቃለን? ሴኔቱስ እጩውን ሁለት ዓመት ቢያስቀምጠው ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?